ሞተሩ ሲሞቅ አልነሳ ካለ፦ ካርቡሬተሩን እንደገና ከመፍታትህ በፊት

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው አዳማ ይኖራል፤ በሲዲአይ (የካንዴላውን ብልጭታ በኤሌክትሮኒክስ በሚቆጣጠር ሣጥን) የሚሠራ አሮጌ ሆንዳ ኤክስኤል 125 አለው። ጠዋት በአንድ ወይም በሁለት ርግጫ ይነሳል። እኩለ ቀን ላይ ከወንጂ ሲመለስ ግን ሻይ ለመጠጣት አቁሞ ከወጣ በኋላ ሞተሩ እንቢ ይላል። ረግጦ ረግጦ ይደክመዋል፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ከጠበቀ ምንም እንዳልነበረው ይነሳል። ካርቡሬተሩ ሁለቴ ተፈትቶ ታጥቧል፣ ካንዴላም (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው ብልጭታ ሰጪ) ተቀይሯል፣ ለውጥ የለም። «ቀጥሎ ምን ልቀይር?» ይላል።

ወንድሜ፣ ለጊዜው ምንም አትቀይር። ሲሞቅ ብቻ የሚመጣ ችግር የሚገኘው ሲሞቅ ብቻ ነው። አብዛኛው ሰው ሞተሩ መንገድ ላይ ሲያስቸግረው እንደምንም ቤቱ ያስገባና በማግስቱ ጠዋት ጋራዥ ይወስደዋል። እዚያ በመጀመሪያው ርግጫ ይነሳል። መካኒኩ ባዶ እጅህን ላለመሸኘት ካርቡሬተሩን ይፈታል፤ መፍታቱ ቀላል ነው፣ ከውስጡም የሚያሳይህ ቆሻሻ አይጠፋም። ያንተም ሁለቴ የታጠበው በዚሁ መንገድ ይመስለኛል።

ስለዚህ መጀመሪያ ሆን ብለህ ችግሩን ቀስቅሰው። ፀሐይ ጠንከር ስትል ቢያንስ 20 ደቂቃ በደንብ ነድተህ አሙቀው፣ ዘወትር በምታቆምበት ዓይነት ቦታ አቁመው። የካንዴላ መፍቻ፣ አንድ ደረቅ አዲስ ካንዴላ፣ ካቻቢቴ፣ ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ የረጠበ ጨርቅና ሰዓት ያዝ። ሞተሩን አጥፋና አንድ ደቂቃ ሳይሞላ መልሰህ አስነሳ። ከተነሳ አጥፋውና 10 ደቂቃ ሳትነካው ቆይተህ ሞክር። እንቢ ካለ እስከ 40 ደቂቃ ተወውና እንደገና ሞክር።

እነዚህ ሦስት ሙከራዎች ከማንኛውም ግምት ይበልጣሉ። ወዲያው እሺ ብሎ፣ በ10 ደቂቃው እንቢ ብሎ፣ በ40ው ደግሞ ከተነሳ ጉዳዩ በአብዛኛው ካርቡሬተሩ ውስጥ የሞቀው ቤንዚን ነው። ገና በአንድ ደቂቃው እንቢ ካለ ወይ ኤሌክትሪኩ ነው ወይ ቫልቮላው (የሲሊንደሩን መግቢያና መውጫ የሚከፍተውና የሚዘጋው)። እየነዳህ ሳለ በድንገት ቀጥ የሚል ከሆነ ደግሞ ኤሌክትሪክን ወይም የቤንዚን መቋረጥን ጠርጥር። ያንተ ገለጻ፣ ሻይ እስክትጠጣ ያለውን ጊዜ ሳየው፣ ወደ መጀመሪያው ያደላል። ግን የሞቀ ቦቢናም (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጠው ጥቅልል) በግማሽ ሰዓት ቀዝቅዞ ሊመለስ ስለሚችል የአንዱን ደቂቃ ሙከራ አትዝለለው።

ቤንዚኑ ሲፈላ

ሞተሩ እየሄደ ሳለ ነፋሱ ካርቡሬተሩንም ያበርደዋል፤ ውስጡም አዲስ ቤንዚን ይመላለሳል። ሲጠፋ ሁለቱም ይቆማሉ፣ የሲሊንደሩና የቴስታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ሙቀት ግን የትም አልሄደም፤ ቀስ እያለ በማስገቢያው ቱቦ በኩል ወደ ካርቡሬተሩ ይሻገራል። ካርቡሬተሩ ከፍተኛ ሙቀቱ ላይ የሚደርሰው ሞተሩ በጠፋበት ቅጽበት ሳይሆን ከጠፋ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ገደማ በኋላ ነው። ቤንዚን የብዙ ፈሳሾች ድብልቅ ነው፤ ቀላሉ ክፍሉ በባሕር ወለል ግፊት እንኳ በ35 እና በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል መፍላት ይጀምራል። አዳማ ከ1,600 ሜትር በላይ ናት፤ የአየር ግፊቷ ከባሕር ዳርቻው በ17 ወይም በ18 በመቶ ያህል ስለሚያንስ ቤንዚኑ ከዚያም በጥቂት ዲግሪ ቀደም ብሎ ይፈላል። ከስር ያለችው፣ ቤንዚን የሚጠራቀምባት የካርቡሬተር ጽዋ እንደ ጀበና ትገነፍላለች ማለት ነው፤ ትነቱና ጠብታው በጄቶቹ (ቤንዚን በሚያሳልፉት ጠባብ ቀዳዳዎች) በኩል ወጥቶ የማስገቢያውን ቱቦ ይሞላዋል። ያኔ ስትረግጥ ሲሊንደሩ የሚያገኘው ቤንዚን ከልክ በላይ የበዛበት ድብልቅ ነው። ካንዴላው ይረጥባል፣ ሞተሩ አይነሳም። ስታርፍ ትነቱ ይበተናል፤ ይነሳል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። እንቢ ባለበት ሰዓት ካንዴላውን ፍታ። ጫፉ ረጥቦ ቤንዚን ከሸተተ በዝቶበታል። ደረቅ ከሆነ ጭራሽ አልደረሰውም፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ከታች እመለስበታለሁ። ሁለተኛው ማረጋገጫ የረጠበው ጨርቅ ነው፦ የካርቡሬተሩን ጽዋ ብቻ ለሦስት አራት ደቂቃ ጠቅልልበት። ከዚያ ከተነሳ ጥፋተኛው ተገኘ። ውሃ ግን በሲሊንደሩና በቴስታው ላይ እንዳታፈስ፤ የጋለ ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል።

በዚያ ሰዓት ለማስነሳት ቾክ (ለቀዝቃዛ ሞተር ቤንዚን የሚያበዛውን) አትንካ። እጀታውን እያመላለስክ ነዳጅ አትስጥ፤ በተለይ ማፍጠኛ ፓምፕ ባላቸው ካርቡሬተሮች እያንዳንዱ ጠመዘዛ ተጨማሪ ቤንዚን ይረጫል። ሩቢኔቶውን (ከታንኩ ሥር ያለውን የቤንዚን መዝጊያ) ዝጋ፣ ቁልፉን አጥፋ፣ ነዳጅ መስጫውን እጀታ እስከ መጨረሻው ክፈትና አምስት ስድስት ጊዜ ቀስ ብለህ ሙሉ ርግጫ ርገጥ፤ ይህ የበዛውን ያስወጣል። ከዚያ ቁልፉን ክፈት፣ ነዳጅ መስጫውን እንደተከፈተ ያዝና በኃይል ርገጥ። ሲያነሳ ወዲያው ቀንስና ሩቢኔቶውን ክፈት። አሁንም ካልሆነ ደረቁን ካንዴላ አስገባ፤ የረጠበው አየር ላይ ይቆይ።

ዘላቂው መፍትሔ ሙቀቱ እንዳይሻገር ማድረግ ነው። በካርቡሬተሩና በቴስታው መካከል ወፍራም፣ ጥቁር፣ ጠንካራ መለያ ከፋብሪካ ይመጣል፤ ሙቀት የማያስተላልፍ ነው። አሮጌ ሞተር ላይ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው፤ ተሰብሮ በአሉሚኒየም ወይም በቀጭን ጓርኒሲዮን (የመገጣጠሚያ ወረቀት) የተተካበት ሞተር ስፍር ቁጥር የለውም፤ ውጪው ሲታይ ምንም የጎደለ አይመስልም። ያንተ ከጠፋ ወይም በተርኒዮ (በብረት መቅረጫ ማሽን) በአሉሚኒየም ከተሠራ፣ ዋናውን ከአዲስ አበባ የመለዋወጫ ሱቆች አፈላልግ። በሁለቱም ፊቱ ያሉት የላስቲክ ቀለበቶች የደረቁና የተሰነጠቁ ከሆኑ አብረው ይቀየሩ፤ አለዚያ አየር ይገባል። ሲታሰር ሁለቱን ብሎኖች እየተፈራረቅክ ጥቂት በጥቂት አጥብቅ፤ አንዱን ብቻ ጨርሰህ ካጠበቅከው መለያው ይጣመማል።

ቀጥሎ የቤንዚኑ ከፍታ። ጽዋው ከልክ በላይ ከሞላ ትንሽ ሙቀት ይበቃዋል። ከጽዋው ሥር ባለችው ማፍሰሻ ጫፍ ላይ ግልጽ የሆነ ቀጭን ቱቦ አስገባ፣ ቱቦውን ወደ ላይ አጥፈህ ከካርቡሬተሩ ጎን ያዘው፣ የማፍሰሻውን ብሎን ፍታ። ሞተሩ ቀጥ ብሎ ይቁም። በቱቦው ውስጥ የሚታየው ቤንዚን ከጽዋው መገጣጠሚያ ጠርዝ ጥቂት ሚሊሜትር ዝቅ ብሎ መቆም አለበት። ደርሶ ካላቆመና ቀስ እያለ የሚወጣ ከሆነ የተንሳፋፊው መርፌ (ጽዋው ሲሞላ ቤንዚኑን የምታቆመው) አልዘጋችም። መርፌዋን አውጥተህ ሾጣጣ ጫፏን በጥፍርህ ዳስስ፤ ዙሪያዋን ቀለበት የመሰለ ጉድጓድ ከተሰማህ አልቃለች፤ ማጠብ አያድናትም፣ ትቀየር። ይህን ካየህ የሞተር ዘይቱንም ማሽተት አትርሳ። ዘይቱ በዝቶ ቤንዚን ከሸተተ ሳትነዳው ቀይረው፤ እነዚህ ሞተሮች የሚወስዱት 1 ሊትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ጥቂት ቤንዚንም ያቀጥነዋል።

ሌላው ቀላል ነገር፦ ልታቆም ስትል አንድ ሁለት መቶ ሜትር ሲቀርህ ሩቢኔቶውን ዝጋ። ጽዋው ጎደል ብሎ ስለሚቆም የሚገነፍለው ይቀንሳል። በዚህ ከተማ ነፋስ አይጠፋም፤ ስታቆም የሞተሩን ጎን ወደ ነፋሱ ስጠው፣ ግድግዳ ሥር አትደብቀው። በሲሊንደሩ ክንፎች መካከል የተጋገረውን ጭቃና ዘይት አስወግድ። የአየር ማጣሪያውን ደግሞ ቶሎ ቶሎ እይ፤ በወንጂ መንገድ ያለው አቧራ ማጣሪያ ሲዘጋ ድብልቁን ወፍራም (ቤንዚን የበዛበት) ያደርገዋል፤ ወፍራም ድብልቅና የሞቀ ሞተር አይስማሙም።

«ቀዝቃዛ» የሚባለውን (ሙቀቱን ቶሎ የሚያስወጣውን) ካንዴላ ማስገባት ይህን ችግር አይፈታም። ለዚህ ሞተር የተለመደው የኤንጂኬ ዲ8ኢኤ ነው፤ ቁጥሩ ወደ 9 ሲጨምር ካንዴላው ቀዝቃዛ ይሆናል፣ በከተማ ዝግታም ጥላሸት ይይዛል። ባለ 8ቱን ይዘህ ክፍተቱን ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሜ አድርግ።

ካንዴላው ደረቅ ከሆነ

እዚህ ቤንዚን አልደረሰም። የታንኩን ክዳን ክፈት፤ «ፍስስ» ብሎ አየር ከሳበ የክዳኑ መተንፈሻ ተዘግቷል። የካርቡሬተሩን ቱቦ ነቅለህ ወደ ጠርሙሱ አስገባና ሩቢኔቶውን ለሁለት ደቂቃ ክፈት፣ ክዳኑ ግን እንደተዘጋ ይሁን። ይህን ከጋለው የጭስ ቱቦ ራቅ አድርገህ፣ ሲጋራ በሌለበት ሥራው። 125ቱ በ80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲሄድ የሚጠጣው በደቂቃ 40 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው፤ ስለዚህ በደቂቃ 150 ሚሊ ሊትር ከወረደ ይተርፈዋል። ጥሩ ጀምሮ እየቀጠነ የሚሄድ ከሆነ የመተንፈሻው መዘጋት ነው፣ ከመጀመሪያውም ጠብ ጠብ የሚል ከሆነ የሩቢኔቶው ወንፊት። ቱቦው ከጭስ ማውጫው ወይም ከሲሊንደሩ ጋር ተነካክቶ ከሆነ ወይም ከመጠን በላይ ረዝሞ ጉብታ ከሠራ፣ በውስጡ የትነት አረፋ ይቆምና ቤንዚኑን ይገታል። አሳጥረው፣ ሁልጊዜ ወደ ታች እንዲወርድ አድርገው። ለመኪና ፓምፕ የተሠራ ትልቅ ማጣሪያ በዚህ ቱቦ ላይ ማስገባት ልማድ ሆኗል፤ በራሱ ክብደት ብቻ ለሚወርድ ቤንዚን አይሆንም፤ አውጣው።

ሞተሩ ሞቆ ሳለ ቾክ ስትስብለት ደስ ብሎት የሚነሳ ከሆነ ድብልቁ ቀጥኗል (ቤንዚን አንሶታል)፤ የዝቅተኛ ፍጥነት ጄት ተዘግታለች ወይም በመገጣጠሚያው አየር ይገባል። የዚች ጄት ቀዳዳ ከ0.35 እስከ 0.4 ሚሜ ብቻ ናት። በብረት ሽቦ ከወጋሃት ትሰፋለች፤ ከኤሌክትሪክ ገመድ የተመዘዘ አንድ የመዳብ ክርና የካርቡሬተር ስፕሬይ ይበቃታል። ብርሃን ላይ ስታያት ክብ ካልሆነች አልጸዳችም። የአየር መግባቱን ለማየት በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትሰጠው በዝቅተኛ ፍጥነት) እየሠራ መገጣጠሚያው ላይ ሳሙና ያለበት ውሃ ርጭ፤ ድምፁ ከተለወጠ ቦታው እሱ ነው። በቤንዚን የሚሞክሩ አሉ፤ አታድርገው።

የድብልቅ ማስተካከያውን ብሎን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አቅጣጫው ላይ ነው። ብሎኑ ከካርቡሬተሩ ወደ ሞተሩ ባለው ወገን ከሆነ ቤንዚን ይቆጣጠራል፦ ስትፈታው ድብልቁ ይወፍራል። በአየር ማጣሪያው ወገን ከሆነ አየር ይቆጣጠራል፦ ስትፈታው ይቀጥናል። ቀስ ብለህ እስኪነካ ዝጋና አንድ ዙር ተኩል ፍታ፤ ከዚያ በሞቀ ሞተር ላይ በሩብ ዙር በሩብ ዙር እየፈለግክ ድምፁ ከፍ ብሎ የሚረጋበትን አግኝና ሚኒሞውን በደቂቃ ወደ 1,300 ዙር መልሰው። አዲስ አበባ ተስተካክሎ የመጣ ሞተር ከሆነ ይህን እዚህ እንደገና ማድረግ ግድ ነው፤ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ወርዶ ወፈር ያለ አየር ሲያገኝ ይቀጥናል።

ኤሌክትሪኩ

በአንዱ ደቂቃ ሙከራ እንቢ ካለህ፣ ሳይቀዘቅዝ ብልጭታ እይ። ካንዴላውን ከገመዱ ሳትለይ ፍታና ብረቱን ከቴስታው ጋር አጣብቀህ ያዝ፤ ከካንዴላው ቀዳዳ ግን አርቀው፣ ከዚያ የሚወጣው ትነት ይቀጣጠላል። በሲዲአይ ሞተር ገመዱን አየር ላይ ለቀህ አትርገጥ፤ መሄጃ ያጣው ቮልቴጅ ቦቢናውን ወይም ሲዲአይውን ራሱን ይበሳዋል። ሰማያዊና ጥርት ብሎ የሚጮህ ብልጭታ ጤነኛ ነው፤ ብጫና ቀጭን ከሆነ ደካማ ነው፤ ከጠፋ ደግሞ መንገድህ ታወቀ። አየር ላይ ብልጭ ያለ ሁሉ በኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ ባለው እምቅ ግፊት) ውስጥም ይሠራል ማለት አይደለም፤ 6 ሚሜ ክፍተት መዝለል ከቻለ ግን እመነው።

ብልጭታ ከጠፋ በመጀመሪያ የሞተር ማጥፊያውን ቁልፍ ገመድ ንቀል፤ ልባሱ ተልጦ ከሻሲው (ከሞተሩ ዋና ብረት) ጋር የሚነካካ ሽቦ ብዙ ቦቢና አስገዝቷል። ከዚያ የረጠበውን ጨርቅ በታንኩ ስር ባለው ቦቢና ላይ አድርግ። ብልጭታው ከተመለሰ ለቦቢና ገንዘብ አውጣ። ካልተመለሰ ከግራው ሽፋን ስር የሚወጣውን ሶኬት ነቅለህ የማግኔቱን (የኤሌክትሪክ አመንጪውን) ጥቅልሎች በቴስተር ለካ፤ ቁጥሩን ጻፍና ሲቀዘቅዝ እንደገና ለካ። በኦም የሚለካው የመዳብ ተከላካይነት ለየአንድ ዲግሪው 0.4 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ከ25 ወደ 105 ዲግሪ ሲሄድ የ30 በመቶ ጭማሪ ጤናማ ነው። 200 ኦም የነበረ ጥቅልል ሲሞቅ 260 ቢሆን አትደንግጥ፤ 600 ቢሆን ወይም መስመሩ ተቋርጦ ቢታይ ግን ቫርኒሹ ውስጥ የተቆረጠ ሽቦ አለ፤ ሲሞቅ ይለያያል፣ ሲቀዘቅዝ ይገጥማል። የሲዲአይ ሣጥን በመጨረሻ ነው የሚጠረጠረው፤ ያን የሚያረጋግጠውም ተመሳሳይ ሣጥን ተውሶ መሞከር ብቻ ነው። የካንዴላው ቆብ ውስጡ ተከላካይ ካለው 5,000 ኦም አካባቢ ያሳያል፤ ከገመዱ ጫፍ ላይ ጠምዝዘህ አውጥተህ ለካው። በፑንቲና (እየተከፈተ እየተዘጋ ብልጭታውን በሚያስነሳ የብረት መገናኛ) የሚሠሩት የቀደሙት ሞዴሎች ላይ ሲሞቅ የሚያስቸግረው በአብዛኛው ከእሱ ጋር የተገናኘው ኮንዴንሰር ነው፤ ፑንቲናው ላይ ሰማያዊ የበዛ ብልጭታ ያሳይሃል።

ቫልቮላ

ሲቀዘቅዝ የነበረው የመርገጫው ክብደት ሲሞቅ ከቀለለብህ ኮምፕሬሽኑ አምልጧል። የቫልቮላው መቀመጫ በዓመታት ይበላል፣ ቫልቮላው ወደ ላይ ይወጣል፣ ክፍተቱም ይጠፋል፤ ሲሞቅ ዘንጉ ደግሞ ስለሚረዝም ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ክፍተቱ የጠበበ ቫልቮላ ድምፅ የለውም፤ ሰው የሚጨነቀው ለሚንኳኳው ነው። ማስተካከል በቀዝቃዛ ሞተር ብቻ ነው፤ ሌሊቱን ካደረ በኋላ ማለዳ ሥራው፤ በአዳማ ቀን ላይ ሁለት ሰዓት ቆሞም አልቀዘቀዘም። ግራ ሽፋን ላይ ያሉትን ክብ ክዳኖች ክፈት፣ ማግኔቱን በማዞር የ«ቲ» ምልክቱን (ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ መድረሱን የሚያሳየውን) ከመስኮቱ መስመር ጋር አግጥም። ሁለቱም የቫልቮላ መጫኛዎች በእጅ ትንሽ መነቃነቅ አለባቸው፤ አንዱ ከተወጠረ አንድ ሙሉ ዙር ጨምር። በእነዚህ ትናንሽ ሞተሮች ክፍተቱ እንደ ሞዴሉ ከ0.05 እስከ 0.10 ሚሜ ነው፤ የሞተርህን መመሪያ ተከተል። ፊለር ጌጁ (ክፍተት መለኪያው ስስ ብረት) ትንሽ ተይዞ መውጣት አለበት። ብሎኑን ካጠበቅክ በኋላ መልሰህ ለካ፤ ብዙ ጊዜ አብሮ ይዞርና ይጠባል።

የኮምፕሬሽን መለኪያ ካገኘህ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻ ከፍተህ በሙቅ ሞተር ላይ ለካ። መመሪያው ላይ ያለው ቁጥር ለባሕር ወለል ነው፦ 12 ባር የተባለ ሞተር በዚህ ከፍታ 10 ቢያሳይ ጤነኛ ነው፤ በዚህ የተነሳ ሳያስፈልግ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) የሚቀይሩ አሉ። በጣም ካነሰ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጨምረህ ድገም። ከፍ ካለ ፋሻው ነው፤ ካልተለወጠ ቫልቮላው ነው።

መንገድ ላይ በሃይላንድ ከሚሸጠው ቤንዚን ጋር ምርመራ አትጀምር። ነጭ ጋዝ የተደባለቀበት ካንዴላውን ያቆሽሻል፣ ቶሎ አይተንም፤ ከላይ ያልኩትን ሙከራ ሁሉ ያዛባብሃል። ጽዋውን አፍስሰህ ከማደያ የተቀዳ ሁለት ሊትር ጨምርና ከዚያ ጀምር።

ያማሃ ዲቲ 125ን የመሰሉ ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ያላችሁ፣ የቫልቮላውን ክፍል ዝለሉት። በእናንተ ላይ ሲሞቅ አልነሳ የሚለው ብዙውን ጊዜ የማስገቢያው ምላስ (ድብልቁ ወደኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋው ስስ ሳህን) ጫፉ ተሰብሮ ወይም ከመቀመጫው ተነስቶ ነው፣ አለዚያም የክራንክ ዘንጉ ዘይት መያዣ ላስቲክ ደርቆ ነው፤ በማግኔቱ በኩል ያለው ላስቲክ አየር ያስገባል፣ በፍሪሲዮኑ (በክላቹ) በኩል ያለው ደግሞ የማርሽ ዘይት ያስመጥጣል። ማግኔቱ ውስጥ የዘይት ርጥበት ካያችሁ ወይም ጭሱ ከወትሮው ነጭ ሆኖ የማርሽ ዘይቱ ከጎደለ ከዚያ ጀምሩ።